ለእናቴ የተሳልሁት ዣንጥላ

የጠያቂዋ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 36 ዓመት ነው፤ የምኖረው በባሕር ዳር ከተማ ሲሆን የምተዳደረው በልብስ ስፌት ነው። ተወልጄ ያደግሁት ግን በምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር ቀበሌ ነው፤ እናቴም እስከ መጨረሻው የኖረችው እዚያው ነበር። ባለፈው ግንቦት ወንድሜ ደውሎ እግሯ እንዳበጠና ትንፋሽ እንዳጠራት ሲነግረኝ ባሕር ዳር አምጥቼ ላሳክማት አሰብሁ፤ ይሁን እንጂ መንገዱ ተዘግቶ ስለ ነበር እርሷ መምጣት፣ እኔም መሄድ አልቻልንም። በእጄ የቀረው ነገር ስለት ብቻ ነበርና «እናቴን አድነህ ካሳየኸኝ ዣንጥላ አገባለሁ» ብዬ ለዲማ ጊዮርጊስ ተሳልሁ። እንደምትድን አንዳች ጥርጣሬ ስላልነበረኝ ቀዩን ከፋይ ገዝቼ፣ ወርቃማውን ዘርፍ ዙሪያውን በእጄ ሰፍቼ ከወዲሁ ጨረስሁት።

እናቴ በሰኔ መጀመሪያ ዐረፈች። ስልክም ተቋርጦ ስለ ነበር መርዶው የደረሰኝ በዐሥራ አንደኛው ቀን ነው። የዕድራችን እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገና ጎሕ ሳይቀድ በሬን ሲያንኳኩ ማንም ምንም ሳይነግረኝ ገባኝ። ቀብሩ፣ ሠልስቱ፣ ሰባቱ ያለ እኔ አለፈ። የአርባ ቀን ተዝካሯንም ወንድሜ አወጣላት፤ እኔ አልነበርሁም።

ከመሞቷ ከአራት ቀን በፊት ደውላልኝ ነበር። ደንበኛ ቆማ ልብስ እየለካሁ ስለ ነበር «እማ፣ ማታ እደውልልሻለሁ» አልኋት። «ግድ የለም ልጄ፣ ሥራሽን ሥሪ፤ ድምፅሽን ሰምቻለሁ» አለችኝ። ማታ ስደውል መሥመሩ አልሠራም፤ ከዚያ በኋላም አልሠራም።

አሁን መጸለይ አልችልም። ይኸው ፍልሰታ ገብቶ ጎረቤቶቼ ለቅዳሴ ሲሄዱ እኔ እስከ ቅጥሩ በር እሄድና ደጁን ስሜ እመለሳለሁ። ውስጥ ገብቼ «አመሰግንሃለሁ» ማለት ውሸት ይሆንብኛል፤ በልቤ ያለው «ለምን አልሰማኸኝም?» የሚለው ብቻ ነው። እንደ እናት የማያቸው ጎረቤቴ «ክርስቲያን እንዲህ አያለቅስም፤ ዕንባሽ የእናትሽን ነፍስ መንገድ ላይ ያስቀራታል» ካሉኝ ወዲህ ደግሞ ሌሊት ሌሊት ትራሴን ነክሼ ማልቀስ ጀምሬአለሁ። ዣንጥላው በአንሶላ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። አንዳንዱ «የስለት ነውና ካላስገባሽው ይጣላሻል» ይለኛል፤ ሌላው «ስለትሽ አልሠመረም፤ ሽጪው» ይለኛል። መንገዱ አሁን ተከፍቷል፤ ነገር ግን የእናቴን ቤት ያለ እናቴ ለማየት ጉልበት አጣሁ። በእምነቴ መጽናናት እፈልጋለሁ፤ ከየት እንደምጀምር ግን አላውቅም። እባክዎ ይምከሩኝ።

«የእናቷ ልጅ»፣ ከባሕር ዳር

መልስ

እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ የእናትሽንም ነፍስ ይማርልሽ። ቤትሽ መጥቼ ለቅሶ ልደርስሽ ባልችልም፣ ይህን መልስ ለቅሶ እንደ ደረሰ ሰው ምንጣፉ ላይ ከጎንሽ ተቀምጬ የምነግርሽ አድርገሽ ቁጠሪልኝ። የማትቀበዪው ነገር ካለም ሳትፈሪ ተዪው።

በመጀመሪያ ትራስሽን መንከሱን አቁሚ። ጎረቤትሽ የተናገሩት በክፋት እንዳልሆነ አምናለሁ፤ የሚወዱት ሰው ቀን ከሌሊት ሲያለቅስ ማየት ለአጽናኙም ስለሚከብደው በእጁ ያገኘውን ቃል ሁሉ ይወረውራል። ነገር ግን ክርስቲያን አያለቅስም የሚለው ቃል ከወንጌሉ ጋር አይስማማም። ጌታችን ወዳጁን አልዓዛርን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከመቃብር እንደሚያስነሣው እያወቀ፣ የእኅቶቹን ልቅሶ ባየ ጊዜ «ኢየሱስም እንባውን አፈሰሰ» ተብሎ ተጽፏል (ዮሐ. 11፥35)። ትንሣኤን በእጁ የያዘው እርሱ ካለቀሰ፣ ትንሣኤን በተስፋ ብቻ የምትጠብቂው አንቺ ማልቀስሽ በምን ኃጢአት ይሆናል? ሰዎች ደጋግመው የሚጠቅሱት የሐዋርያው የቅዱስ ጳውሎስ ቃልም «ተስፋ እንደሌላቸው» እንዳናዝን የሚመክር ነው እንጂ (1ኛ ተሰ. 4፥13) ከነጭራሹ አትዘኑ አይልም። በናይን ከተማ ጌታ አንድ ልጇን ልትቀብር የወጣችውን መበለት «አታልቅሺ» ማለቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህን ካላት በኋላ ልጇን ከቃሬዛው ላይ አስነሥቶ በእጇ ሰጣት። እኛ ያንን ማድረግ የማንችል ሰዎች ቃሉን ብቻ ወስደን ያዘነን ሰው ባንገሥጽበት ይሻላል። አባቶች የሚከለክሉት ፊት መንጨትን፣ ደረት መድቃትን፣ ራስን መጉዳትንና ተስፋ መቁረጥን ነው። ለሟች የሚጠቅሙት ጸሎት፣ ቅዳሴና ምጽዋት መሆናቸውን ተምረናል፤ የልጅ ዕንባ የእናትን ነፍስ መንገድ ላይ ያስቀራል የሚል ትምህርት ግን እኔ ከየትም አልሰማሁም። ይህን ፍርሃት ዛሬውኑ ከላይሽ አውርጂው።

ወደ ከበደሽ ነገር ልምጣ። «ለምን አልሰማኸኝም?» የሚለውን ቃል በልብሽ ይዘሽ ወደ ቤተ ክርስቲያን መግባት ውሸት መስሎሻል። እስኪ ማርታን አስቢያት። ጌታ ወደ ቢታንያ ሲመጣ ወጥታ የተቀበለችው በምስጋና አልነበረም፤ «ጌታ ሆይ፥ አንተ በዚህ ኖረህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተ ነበር» ነው ያለችው። ይህ ወቀሳ ነው። ማርያምም ከእግሩ ሥር ወድቃ ይህንኑ ደገመችለት፤ እርሱም አንዳቸውንም አልገሠጸም። በዳዊታችን ውስጥም 87ኛው መዝሙር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጩኸት ነው፤ አንድም ቦታ ወደ ምስጋና ሳይሻገር እንደ ጮኸ ያልቃል። አባቶቻችን ይህን መዝሙር ከ150ዎቹ አላወጡትም፤ ዳዊት በተደገመ ቁጥር ይደገማል። ስለዚህ አንቺ መጸለይ አልቻልሁም ስትዪ፣ እኔ የምረዳው የምስጋና ጸሎት መጸለይ አልቻልሁም ማለትሽ እንደ ሆነ ነው።

በሀገራችን የተበደለ ሰው ምን ያደርግ እንደ ነበር ከትልልቆች ሰምተሻል። ዳኛው ደጅ ሄዶ ይቆማል፣ «አቤት!» ይላል፣ ዛሬ ባይሰማ ነገ ይመለሳል፤ ይህንንም ደጅ መጥናት እንለዋለን። ደጅ የሚጠናው የተቀየመ፣ ነገር ግን ከዚያ ደጅ በቀር ሌላ የሚሄድበት የሌለው ሰው ነው። አንቺ በየቀኑ እስከ ቅጥሩ በር ሄደሽ ደጁን ስመሽ የምትመለሺው ምን እያደረግሽ ይመስልሻል? እምነት ያጣ ሰው በዚያ በኩል አያልፍም። እኔ ከጻፍሽው ሁሉ ያጽናናኝ ይህ ነው። ለጊዜው ከደጁ አልፈሽ መግባት ካልቻልሽ ደጁ ላይ ቆመሽ፣ ቅሬታሽን በራስሽ ቃል፣ በምትናገሪው አማርኛ ንገሪው፤ «አልሰማኸኝም፤ ተቀይሜሃለሁ፤ ግን መጥቻለሁ» ማለት በቂ ነው። ምስጋናው ራሱ በጊዜው ይመጣል፤ አንቺ ልታስመጪው አትታገዪ።

ሌላው ስብራትሽ ቀብሯ ላይ አለመድረስሽ ነው። ደብዳቤሽን የጻፍሽው በፍልሰታ ጾም መሆኑ የቅዱስ ቶማስን ታሪክ አስታወሰኝ፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ የምታውቂው ቢሆንም ዘንድሮ በሌላ ጆሮ ስሚው። ቤተ ክርስቲያናችን እንደምታስተምረው እመቤታችን ጥር 21 ቀን ዐርፋ ሥጋዋ በነሐሴ 14 ቀን በጌቴሴማኒ ሲቀበር፣ ቶማስ በስብከት ሀገሩ በሕንድ ስለ ነበር አልደረሰም። በነሐሴ 16 ቀን በደመና ተጭኖ ሲመለስ እርሷ ስታርግ መንገድ ላይ አገኛት፤ ቀድሞ የልጅሽን ትንሣኤ ሳላይ ቀረሁ፣ አሁን ደግሞ ያንቺን ሳላይ ልቀር ነው ብሎ ከሐዘኑ ብዛት ራሱን ከደመናው ሊጥል ደርሶ እንደ ነበር ይተረካል። እመቤታችን ለምን ዘገየህ አላለችውም። አጽናናችው፤ የተገነዘችበትንም ሰበን ሰጠችው። ከሐዋርያት ጋር ሲገናኝ ቀበርናት ሲሉት «ሞት በጥር፣ በነሐሴ መቃብር፣ ይህ እንዴት ይሆናል?» ያላቸው ያን ሰበን በጉያው ይዞ ነው። ካህናት በመስቀላቸው ላይ የሚይዟት ጨርቅ የዚያ ሰበን መታሰቢያ እንደ ሆነች ስንማር አድገናል።

ይህን ያነሣሁት ለአንቺም ደመና ይመጣልሻል ለማለት እንዳልሆነ ይገባሻል። ቀብር ያመለጠውን ሰው ሐዘን ቤተ ክርስቲያን እንደምታውቀው፣ ስሙን በየዓመቱ እየጠራች እንደምትተርክለትና ዘግይቶ በመድረሱ እንዳልናቀችው ልብ እንድትዪ ፈልጌ ነው። ደግሞም ለቶማስ የተሰጠው ነገር ጨርቅ ነበር። አንቺ ልብስ ሰፊ ነሽና ጨርቅ የለበሰውን ሰው ቅርጽና ጠረን እንዴት እንደሚይዝ ከእኔ ይልቅ ታውቂያለሽ። የእናትሽ ነጠላ የት ነው? በእኛ ሀገር የሟች ልብስ ለካህን ወይም ለነዳያን መሰጠቱ የተለመደ ስለሆነ ጊዜ ሳትሰጪ ዛሬ ለወንድምሽ ደውለሽ፣ ያልተሰጠ ነገር ካለ አንዲት ነጠላ እንዲያስቀምጥልሽ ለምኚው። ተሰጥቶ ካለቀም መቁጠሪያዋን፣ ወይም ጀበናዋን፣ ወይም ስፌቷን ጠይቂው። በእጅሽ የምትይዢው ነገር ያስፈልግሻል።

ስለ ስልኩ ጥቂት ልበል። አንቺ የምትሰሚው «ማታ እደውልልሻለሁ» ያልሽውን ነው፤ እኔ ደግሞ ደብዳቤሽ ውስጥ ጎልቶ የታየኝ እርሷ ያለችው ነው። «ድምፅሽን ሰምቻለሁ» አለችሽ። የደወለችው ድምፅሽን ለመስማት ነበር፤ ሰማችውም፤ መስማቷንም በአፏ ነገረችሽ። የገጠር እናት ልጇ ከተማ ውስጥ በእጇ ሙያ ስታድር፣ ደንበኛ ቆማባት ስትለካ በስልክ ሰምታ ምን ዓይነት እፎይታ እንደሚሰማት ለመገመት አያስቸግርም። «ሥራሽን ሥሪ» ማለቷን እንደ ቅሬታ አትስሚው፤ ከጎጃም እናት አፍ ሲወጣ ይህ ቃል ምርቃት ነው። ዳግም ሳትደውዪ ብትቀሪ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር፤ አንቺ ግን በቃልሽ መሠረት ማታ ደውለሻል፤ የጠፋው መሥመሩ ነው። መንገድ መዘጋትንና ስልክ መቋረጥን ወደ ራስሽ ጥፋት ለምን ትቀይሪዋለሽ? ምናልባት ጥፋቱ የአንቺ ቢሆን፣ ቢያንስ በእጅሽ የነበረ ነገር ስለሚሆን ይቀልሽ ይሆን? ይህን ጥያቄ ለእኔ አትመልሺልኝ፤ ለራስሽ አሳቢበት።

አሁን ወደ ዣንጥላው እንመለስ። ስለት ቃል ነውና ቀልድ አይደለም፤ ነገር ግን ያንቺ ቃል «አድነህ ካሳየኸኝ» የሚል ነበር፤ እርሱም አልሆነም። በእኔ መረዳት ዕዳ የለብሽም። ይጣላሻል ለሚሉሽም ሰማዕቱ ቅዱስ ጊዮርጊስ ለእናቷ የምታለቅስን ልጅ እየተከታተለ ዣንጥላ የሚያስከፍል አበዳሪ አለመሆኑን በየዋህነት ንገሪያቸው። የመጨረሻውን ቃል ግን የሚሰጥሽ የነፍስ አባትሽ ስለሆኑ ጉዳዩን ለእርሳቸው አቅርቢው። እስከዚያው በንዴት አትሽጪው፣ በፍርሃትም አታስገቢው። ወደ ፊት ልብሽ ሲረጋ፣ ዕዳ ለመክፈል ሳይሆን ለእናትሽ መታሰቢያ ይሁን ብለሽ ልትሰጪው ብትፈልጊ ለዲማ ጊዮርጊስ ሊሆን ይችላል፤ ወይም እናትሽ ለተቀበረችበት ደብር፣ ዓይኗ የለመደው ታቦት በወጣ ቁጥር በላዩ እንዲዘረጋ ልትሰጪው ትችያለሽ። ልብሽ እሺ ካላለሽ ደግሞ አንሶላው ውስጥ ይቆይ። አሁን መኝታ ቤትሽ ውስጥ ባየሽው ቁጥር የሚያምሽ ከሆነ አንዲት ወዳጅሽ ለጊዜው ቤቷ ታስቀምጥልሽ።

ከየት ልጀምር ብለሽኛል። በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር ብቻ አድርጊ። አንደኛው ለወንድምሽ መደወል ነው፤ ሁለተኛው ቅዳሴ በሌለበት ሰዓት፣ ቅጥሩ ጭር ባለበት ከሰዓት በኋላ ገብተሽ ዛፍ ሥር ወይም ደጀ ሰላሙ አካባቢ መቀመጥ ነው። ምንም አትድገሚ። አባቴ ባረፈ ጊዜ እኔ ራሴ ለወራት ከ«አቡነ ዘበሰማያት» በላይ መዝለቅ አቅቶኝ ነበር። አክስቴ ከሰዓት በኋላ እየመጣች ከጎኔ ትቀመጥና «አንቺ ዝም ብለሽ ስሚ፤ እኔ እደግምልሻለሁ» ብላ ውዳሴ ማርያም ትደግም ነበር። ጣቷ ከመስመር መስመር ሲሄድ አያለሁ፤ ቃሉን ግን ግማሹን አልሰማውም ነበር። ዛሬ መለስ ብዬ ሳስበው እምነቴ ያን ጊዜ የቆየው በእርሷ አፍ ውስጥ ነበር እላለሁ። እንዲህ የሚያደርግልሽ ሰው በዕድርሽ ውስጥ አይጠፋም፤ ምናልባትም «አታልቅሺ» ያሉሽ ጎረቤትሽ ራሳቸው ይሆናሉ። «እማማ፣ እኔ መጸለይ ስላቃተኝ እርስዎ ከጎኔ ሆነው ይጸልዩልኝ» ብትያቸው፣ ከመምከር ያለፈ ሥራ በማግኘታቸው ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።

የነፍስ አባትሽን ስታገኚ ደግሞ ንግግርሽን አታሳምሪ። «አባ፣ እግዚአብሔርን ተቀይሜዋለሁ» ብለሽ ጀምሪ፤ ከዚህ የከበደ ብዙ ነገር ሰምተው የሚያውቁ ሰው ናቸው።

ወደ ሀገርሽ ስለ መሄድ፣ ሰማንያዋ ደርሷልና በዚህ ክረምት ጭቃ ካልሄድሁ ብለሽ ራስሽን አታስጨንቂ። መንፈቋ በኅዳር መጨረሻ ገደማ ስለሚውል ለእርሱ ተዘጋጂ፤ ከወንድምሽ ጋር ተነጋግረሽ መንገዱ አስተማማኝ መሆኑን አረጋግጪ፣ ብቻሽንም አትሂጂ። እናትሽ ደጅ ስትደርሺ የመንደሩ ሴቶች አንቺን ሲያዩ ለቅሶው እንደ አዲስ እንደሚነሣ አትርሺ፤ የፈራሽውም ይህን ይመስለኛል። እኔ ግን ይህን ወግ እወደዋለሁ፤ አምልጦኛል ያልሽውን ለቅሶ ሀገርሽ አስቀምጦ እየጠበቀሽ ነው ማለት ነውና። ስታለቅሺ ያቅፉሻል፤ ሲበቃሽም ውኃ አምጥተው ፊትሽን ያስታጥቡሻል። ከዚያ በኋላ ጠይቂያቸው፤ ዓይኗን ማን ከደነላት? ካህን ደረሰላት? ምን አለች? ማንን ጠራች? እነዚህን ነገሮች አለማወቅሽ ነው ሌሊት ሌሊት የባሰውን እንድትሥዪ የሚያደርግሽ። በማግሥቱ ካህናቱን ለምነሽ መቃብሯ ላይ ጸሎት ይደረግላት፤ አፈሩንም በእጅሽ ንኪው።

በዚህ ሁሉ መካከል ሥጋሽን አትርሺው። እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ አልወርድ ካለሽ፣ መርፌው እጅሽ ላይ እየከበደ ሥራ ካቃተሽ፣ ይልቁንም ሞትን መመኘት ከመጣብሽ አንድ ቀን ሳታሳድሪ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ እዚያው ባሕር ዳር በፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎች አሉ። ጠበል መጠመቅሽ መድኃኒት ከመውሰድ፣ መድኃኒት መውሰድሽም ከጠበሉ አይከለክልሽም።

በመጨረሻ አንድ ነገር እለምንሻለሁ። በደብዳቤሽ የእናትሽን የክርስትና ስም አልጻፍሽልኝም። ከወንድምሽ ጋር ስትደዋወዪ አረጋግጠሽ ላኪልኝ፤ እኔ በማስቀድስበት ደብርም በጸሎት ጊዜ ስሟ እንዲነሣ ለካህኑ ጽፌ እሰጣለሁ።